ቅዳሜ ቤት እንቀይራለን፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ ልጄን አልቀበልም አለ

የናቲ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ቸኩያለሁ፣ ለአጻጻፌ ይቅርታ። ቅዳሜ ከገርጂ ወደ ጣፎ ቤት እንቀይራለን። ልጄ ኦቲዝም አለበት። እዚያ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በስልክ «ቦታ አለ፣ ወረቀቱን ይዘሽ ነይ» ብሎኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት የሐኪሙን ወረቀት ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለእሱ የሚሆን ቦታ የለንም» አሉኝ። የገርጂው ትምህርት ቤት ደግሞ መልቀቂያውን ጽፎ ሰጥቶኛል። ሁለተኛው ሴሚስተር ሰኞ ይጀምራል። በዚያ አካባቢ የሚቀበል የምታውቁ እባካችሁ ዛሬውኑ ንገሩኝ።

አብርሽ ሰሚት
ዕድሜው ስንት ነው? ስንተኛ ክፍል ነው? ያወራል? የመንግሥትም ይሆናል ወይስ የግል ብቻ? ደግሞ ጣፎ ስትዪ የቱን ጣፎ ነው?

ባለ ኢሱዙው
እህቴ፣ የዚያ ሰፈር ጫኝና አውራጆች በሚጠሩት ዋጋ ትምህርት ቤቱን ራሱ ከገርጂ ነቅለው ቢያመጡልሽ አይገርመኝም። ቀልዴን ነው። ግን አንድ ነገር ስሚኝ። የልጁን አልጋና መጫወቻዎቹን መጨረሻ ላይ አስጭኚ። መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳል። ክፍሉን ቀድመሽ አዘጋጂለት። አንዲት ደንበኛዬ እንዲህ አድርጋ እኛ ሶፋ ይዘን ደረጃ ላይ ስንጨቃጨቅ ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ መኪናዎቹን ይደረድር ነበር።

ተመራማሪው
በመጀመሪያ መግባባት ያለብን ኦቲዝም በሽታ አለመሆኑ ላይ ነው። የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። በደም ምርመራም በራጅም አይታይም። ባለሙያ የልጁን ባህሪና ተግባቦት ተከታትሎ ነው የሚለየው። ክትባት አያመጣውም። የእናት ፍቅር ማነስም አያመጣውም። በአገራችን ጉዳዩ አደባባይ እንዲወጣ ብዙ የደከሙት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ከዚያ በፊት ብዙ ልጆች ጓዳ ይደበቁ ነበር። ኅብረተሰባችን እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ረገድ ያለው ግንዛቤ...

ኪያ
ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ሰኞ ግን የት ይግባ?

ተመራማሪው
ወደዚያው እየመጣሁ ነበር።

የናቲ እናት
አብርሽ፣ ይቅርታ፣ የምታውቁት መስሎኝ ነው። 7 ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ጥቂት ቃላት አሉት፣ «ውሃ»፣ «እንሂድ»፣ «በቃ» ይላል። የሚነገረውን ግን ይረዳል። ፊደል ለይቷል፣ ቁጥር ይወዳል። ጩኸት አይችልም። ጣፎ ያልኩት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየምን ነው። የመንግሥትም ይሁን፣ ብቻ በዚያ ሁሉ ልጅ መሃል እንዳይጠፋብኝ እፈራለሁ።

ሰላማዊት
ጠበል ሞክረሽለታል እህቴ?

የናቲ እናት
ጠበሉንም እንወስደዋለን። ሰኞ ግን ትምህርት አለ።

ፌቨን አባዶ
አባዶ ከሆነ ተመስገን በይ። ሰው ሁሉ ጣፎ ይለዋል እንጂ አባዶ አዲስ አበባ ነው፣ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ። ለገጣፎ ብትገቢ ኖሮ ሸገር ከተማ ነበር፣ ኦሮሚያ። ትምህርት ቢሮው ሌላ ነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹም በአብዛኛው የሚያስተምሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ያሉት ጥቂት ቃላት አማርኛ ለሆኑ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የምለው ሌላም የሚያነብ ስለሚኖር ነው። ቤት ከመከራየታችሁ በፊት የየትኛው አስተዳደር እንደሆነ አጣሩ። መንገድ ተሻግሮ ሁሉም ነገር ይቀየራል።

ወደ አንቺ ስመለስ፣ በየትምህርት ቤቱ በር እየዞርሽ አትለማመጪ። ቀጥታ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ግቢና የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት (እንደ ናቲ ያሉ ልጆች ከሌሎቹ ጋር አብረው የሚማሩበት) ባለሙያውን ጠይቂ። እዚያ ከሌለ ክፍለ ከተማው ላይ ጠይቂ። የትኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት መምህር ወይም የድጋፍ መስጫ ማዕከል እንዳለው የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ደብዳቤ አጽፊ። ደብዳቤ ይዞ የሄደና ባዶ እጁን የሄደ እኩል አይስተናገድም።

ውል ይከበር
ቆይ፣ ለምን ነው ቤቱን የምትለቂው? አከራይሽ ውጪ ብሎሽ ከሆነ አትንቀሳቀሺ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት። ከ2 ዓመት ማነስም የለበትም። አከራይ እንደፈለገ የሚያባርርበት ዘመን አልፏል።

የናቲ እናት
ማንም አላባረረንም። የራሳችን ኮንዶሚኒየም ነው የምንገባው።

ውል ይከበር
እንኳን ደስ ያላችሁ።

ዳኒ ጉርድ ሾላ
እኔ አልገባኝም። ለምንድን ነው ትምህርት ቤቱን የምትቀይሪው? ልጁ ለውጥ የሚከብደው ከሆነ ቤቱንም፣ ሰፈሩንም፣ መምህሩንም በአንድ ሳምንት መንጠቅ ምን ይሉታል? መልቀቂያውን መልሺና እስከ ሰኔ ገርጂ ይማር። ከአባዶ አያት በታክሲ፣ ከአያት በባቡር ጉርድ ሾላ፣ ከዚያ ገርጂ ቅርብ ነው።

የናቲ እናት
ጠዋት የአያት ባቡር ውስጥ ገብተህ ታውቃለህ? ናቲ ሰው ሲነካው ይጮኻል። በቀደም ታክሲ ውስጥ አንዱ «ልጅሽን ሥርዓት አስተምሪ» ብሎኛል። እኔም ሥራ አለኝ። ኮንትራት በየቀኑ ለመያዝ ደግሞ አቅም የለንም።

ዳኒ ጉርድ ሾላ
ሰርቪስስ?

ኪያ
ከአባዶ ገርጂ የሚመላለስ ሰርቪስ ካገኘህላት ንገራት። ለእኔም ንገረኝ።

ትዕግሥት መምህርት
የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የማስተምረው፣ አንደኛ ክፍል። እውነቱን ልንገርሽ። ክፍሉ ይሞላል። የልዩ ፍላጎት መምህር ያለበትና የሌለበት ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ስለዚህ ፌቨን ያለችሽን ቅድሚያ አጣሪ።

ጩኸት አይችልም ብለሻል። እኛ ጋ ደወሉ የተሰቀለ ቸርኬ ነው፣ በብረት ይመታል። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተማሪው ሁሉ ሜዳ ላይ ነው። ሚኒ ሚዲያውም እስከ መጨረሻ ተከፍቷል። በመጀመሪያው ቀን እዚያ መሃል ካቆምሽው በማግስቱ የግቢውን በር ሲያይ ነው የሚጮኸው። ርዕሰ መምህሩን አናግሪና ሰልፉ ካለቀ በኋላ ይግባ። ከቸርኬው ራቅ ያለ መቀመጫም ጠይቂለት።

ሌላው፣ እሑድ ግቢው ባዶ ሲሆን ዘበኛውን አስፈቅደሽ አስገቢው። ክፍሉን፣ ሽንት ቤቱን፣ የውሃ ቧንቧውን አሳዪው። በስልክሽ ፎቶ አንሺና ቤት ስትመለሱ ደጋግመሽ አሳዪው። የተማሪዎች ምገባ አለ፣ ለወላጅ ነጻ ነው። መርጦ የሚበላ ከሆነ ግን የራሱን ምሳ ዕቃ ይዞ እንዲመጣ ከወዲሁ ተነጋገሪ። እኔ ክፍል ወጥ የነካው እንጀራ የማይበላ ልጅ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይበላ ነው ወደ ቤቱ የሄደው፣ እኛ የጠገበ መስሎን።

ሲስተር ሄለን
ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ብትሄጂ ጥሩ ነው።

የጀሞው አባት
የእኔ ልጅ አሁን ትልቅ ሆኗል። ከመካኒሳ ጀሞ ስንገባ እኛንም እንዲሁ ብለውን ነበር። «ኦቲዝም» የሚለውን ሲሰሙ ሰፈር ውስጥ የሰሙት ሁሉ ነው የሚመጣባቸው። ስለዚህ ከሐኪሙ ወረቀት በፊት የሚነበብ አንድ ገጽ አዘጋጂ። በአማርኛ፣ በአጭሩ ይሁን። የእኛ እንዲህ ይል ነበር፦

«ስሙን ስትጠሩት ዞር አይልም፣ ግን ይሰማል። ሽንቱ ሲመጣ ቀበቶውን ይይዛል። ሲጨንቀው እጁን ያራግባል፤ አትያዙት፣ ጥግ ላይ ይቀመጥ፣ ይረጋጋል። በር ክፍት ካገኘ ይወጣል። ፊደል ያነባል፣ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ይወዳል።»

ርዕሰ መምህሯ አነበበችውና «በር ክፍት ካገኘ ይወጣል» የሚለው ላይ ጣቷን አደረገች። «ታዲያ ለዘበኛው ምን እንንገረው?» አለች። ከዚያ ወዲያ እንቀበል አንቀበል የሚል ወሬ አልተነሣም።

ሚሚ ሲኤምሲ
ይወጣል ብሎ መጻፍ እኮ በገዛ እጅ መባረር ነው። እኔ ብሆን አልጽፈውም። መጀመሪያ ይግባ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይለምዱታል።

የጀሞው አባት
ደብቀሽ አስገብተሽ ልጁ አስፋልት ላይ ቢገኝስ? በኮንዶሚኒየም ዙሪያ ክዳን የሌለው ቱቦ፣ ተቆፍሮ የተተወ ጉድጓድ ሞልቷል። እንዲያውም የናቲ እናት፣ ቅዳሜ ዕቃ ሲወርድ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው የሚውለው። እሱን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው መድቢ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቀርቀሪያ አስገጥሚ። በረንዳውንም እዪው። የብሎኩን ጥበቃና በር ላይ የሚቆሙትን የባጃጅ ልጆች አስተዋውቂው። እኛን አንድ ቀን ያዳነን የባጃጅ ሹፌር ነው።

ሚሚ ሲኤምሲ
እሺ፣ ይሄኛው ላይ እስማማለሁ።

ውል ይከበር
ቅድም የማይመለከትሽን ሕግ አንብቤልሻለሁ፣ አሁን የሚመለከትሽን ላምጣ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ስምምነቱ ኦቲዝምንም በሚያካትት መልኩ ነው የሚሠራው። አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፤ ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ከትምህርት እንዳይገለል ይላል። ሕግ አለ ማለት ነገ ወንበር አለ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ያንን የግል ትምህርት ቤት «አልቀበልም ያላችሁበትን ምክንያት በደብዳቤ ስጡኝ» በያቸው። በአፍ የሚያባርሩ ሰዎች ማኅተም አድርጉበት ሲባሉ ቋንቋቸው ይለወጣል። ደብዳቤውን ከሰጡሽም ለወረዳው ታሳዪዋለሽ። አትጨቃጨቂ፣ በትሕትና ጠይቂ።

ፌቨን አባዶ
ልክ ነው። ግን ለሰኞ ብለሽ በግድ ያስገባሽበት ትምህርት ቤት ልጁን ጥግ አስቀምጦ እንዳያውለው። እኔ ለመብቱ ብዬ ሳይሆን ለልጁ ብዬ እሱን በደስታ የሚቀበለውን ቦታ እመርጥ ነበር። ሰኞ ባይደርስ ረቡዕ ይግባ። ምንም አይቀርበትም።

ውል ይከበር
እንዲህ እያልን ነው የሚንቁን።

ፌቨን አባዶ
አንተ ታገል፣ እሷ ዕቃ ታሽግ።

አብርሽ ሰሚት
መልቀቂያው ላይ የተማረበት ክፍልና የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት መኖሩን እዪ። ካርዱ ዋናው ከእጅሽ አይውጣ፣ ኮፒ ስጪ። የልደት ካርድና የክትባት ካርድ፣ የሐኪሙ ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ ያዢ። የነዋሪነት መሸኛሽንም ከገርጂው ወረዳ አሁኑኑ አውጪ። ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርገሽ ራስሽ ያዢው፣ ኢሱዙው ላይ እንዳይጫን። የእኛ የልጆች ካርድ እስከ ዛሬ ከድስቶቹ ጋር ነው ያለው።

ሳሚ
ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሞክሪ።

ኪያ
ተብሏል ሳሚ።

ትዕግሥት መምህርት
አንድ የረሳሁት። ገርጂ ያለችውን መምህርቱን ጠይቂያትና ስለ ናቲ ግማሽ ገጽ ትጻፍልሽ፣ ወይ ለአዲሱ መምህር ትደውል። እኛ መምህራን ከሐኪም ወረቀት ይልቅ የመምህር ወሬ እናምናለን። ምን ሲሰጡት እንደሚቀመጥ የምታውቀው እሷ ናት።

የናቲ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለመምህርቱ ደወልኩላት፣ ዛሬ ማታ እጽፋለሁ ብላለች። አሁን ወረዳው ጋ ነኝ። ባለሙያዋ ስብሰባ ላይ ናት፣ ከሰዓት ተመለሺ አሉኝ። በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ያንን አንድ ገጽ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ነው።

ፌቨን አባዶ
ጎበዝ። ከዚያ አትነሺ። የገባሽበትን ንገሪን።

ኪያ
የናቲ እናት፣ ምን ሆነ?

ብሩክታዊት
እኔም ተመሳሳይ ጥያቄ አለኝ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው፣ ገና ሐኪም አላያትም። ኬጂ ላስገባት ስል መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት አምጪ አሉኝ። እኛ ቦሌ አራብሳ ነን። ወረቀት ከሌላትስ ወረዳው ያስተናግደኛል?

ባለ ኢሱዙው
የናቲ እናት፣ ለቅዳሜ መኪና ይዘሻል? ካልያዝሽ እኔ ነጻ ነኝ። ስንተኛ ፎቅ ነው የምትገቡት?