ቋሚ ስንት፣ ኮንትራት ስንት? (የዱቄት ፋብሪካ፣ ኮምቦልቻ)

ቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ላለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የሰው ኃይል ዕቅድ እየተዘጋጀ ነው። ወፍጮው በ3 ፈረቃ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል። ባለቤቶቹ «60 በመቶ ቋሚ፣ 40 በመቶ ኮንትራት ይሁን» ብለዋል። ይህ በምን ይሰላል?

ጦሳ ሥር፦
ከመቶኛ ሳይሆን ከሥራ መደቡ ተነሱ። አንድ የወፍጮ ኦፕሬተር መደብ በ3 ፈረቃ ለ365 ቀን 1,095 ፈረቃ ይፈልጋል። አንድ ቋሚ ሠራተኛ ግን 52 የሳምንት ዕረፍት፣ ቢያንስ 16 የዓመት ፈቃድና 13 ያህል የሕዝብ በዓል ሲቀነስለት የሚቀረው 284 ቀን ነው። 1,095 ለ284 ሲካፈል 3.86። ሕመምና ሐዘን ሳይቆጠር 4 ሰው ማለት ነው።

ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። 3 ሰው በቋሚነት ይቀጠርና አራተኛው «ተተኪ» እየተባለ በየ3 ወሩ ውሉ ይታደሳል። ክፍተቱ ዓመቱን ሙሉ ካለ ሥራው ቋሚ ነው፤ ሰውየውም ቋሚ መሆን አለበት። በትርፍ ሰዓት እንሙላው ቢባልም ሕጉ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያሳልፍም፤ ክፍያውም ቀን 1.5፣ ሌሊት 1.75 እጥፍ ነው።

ቀጥሎ የ12 ወሩን ሥራ በየወሩ ጽፋችሁ ሥራው ዝቅተኛ የሆነበትን ወር ፈልጉ። እስከዚያ መጠን ያለው ሥራ የቋሚ ሠራተኛ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አዲስ ስንዴ ሲገባ መጋዘን ላይ የሚጨመረው ሰው የወቅት ሠራተኛ ይሁን። ጫኝና አውራጅ በኩንታል ይታሰብ።

ፒያሳ፣ ደሴ፦
በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 9 መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። የተወሰነ ጊዜ ውል (ኮንትራት የምትሉት) የሚፈቀደው አንቀጽ 10 ለዘረዘራቸው ሥራዎች ብቻ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን ውሉ ላይ ጻፉት፦ «በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ሠራተኛን እስክትመለስ ለመተካት»። «ለድርጅቱ ሥራ ስላስፈለገ» የሚለው ምክንያት አይደለም። አንድ ሰው በድንገት ለቆ ከሄደ ደግሞ በጊዜያዊ ሰው የሚሸፈነው ቢበዛ ለ45 ተከታታይ ቀን፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ቦርከና፦
አመሰግናለሁ። አለቆቹ ኮንትራት የሚሉት «መጀመሪያ ሰውየውን እንየው» ብለው ነው።

ፒያሳ፣ ደሴ፦
ለማየትማ የሙከራ ጊዜ አለ፤ እስከ 60 የሥራ ቀን። በጽሑፍ ይሁን። ያው ሰው ለያው ሥራ ተመልሶ ቢቀጠር ግን ዳግም ሙከራ የለም።

ጦሳ ሥር፦
ከረጢት የሚሰፋውንም አትርሱ። ስፌቱ ከላላ ዱቄቱ መኪና ላይ ይፈሳል። በየፈረቃው ቢያንስ አንድ የለመደ ቋሚ ሰው እዚያ ይኑር፤ የወቅቱ ሠራተኛ ከእሱ ጎን ይቁም።