ሜሪላንድ ውስጥ ለኢላማ ልምምድ ብቻ የሚሆን ርካሽ 22 ሽጉጥ

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ሁለታችንም ግሪን ካርድ አለን። አልፎ አልፎ ሬንጅ ሄደን ወረቀት ላይ ለመተኮስ ብቻ የሚሆን፣ ከ400 ዶላር ብዙ የማያልፍ ሽጉጥ እንፈልጋለን። ይዞ ለመዞር አይደለም። ጥይቱ ርካሽ ስለሆነ 22 ካሊበር ብለን ወስነናል። የባለቤቴ እጅ ትንሽ ነው፤ ጠንካራ ስፕሪንግ ስቦ ማቀባበል ይከብዳታል። ባለ ካርታው (ጥይቱ በመያዣ ተሞልቶ እጀታው ውስጥ የሚገባለት) ይሻላል ወይስ ስድስት ጎራሽ? አዲስ ወይስ ያገለገለ? ደግሞ "22 ቶሎ ቶሎ ይከሽፋል" የሚባለው እውነት ነው?

ቀለሃ ለቃሚ
22 ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት በሁለትና በሦስት እጥፍ ይወደዳል። ስትገዙ ግን ሽጉጡም የጥይቱ ሳጥንም ላይ "22 ኤል አር" የሚል መኖሩን እዩ። 22 ማግነም ረዘም፣ ወፈር፣ ወደድም ያለ ሌላ ጥይት ነው።

ለወረቀት ኢላማ ከስሙ በፊት ክብደቱንና የበርሜሉን ርዝመት ተመልከቱ። በርሜሉ 3.5 ኢንች የሆነ ትንሽ ሽጉጥ እጅ ላይ ደስ ይላል፤ ነገር ግን የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው ስለሚቀራረብ በዓይን የማትታይ መዛነፍ 15 ያርድ ላይ ስትደርስ ትሰፋለች። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ቪክትሪ 5.5 ኢንች በርሜል አለው፣ 1 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክብደቱ እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ይረዳል፤ 22 ደግሞ እምብዛም ስለማይራገጥ አያደክምም። የቪክትሪና የሩገር ማርክ 4 የላይኛው አካል እንዳለ ወደ ኋላ አይሄድም፤ የሚሳበው ከኋላ ሁለት ጆሮ ያለው ትንሽ ብረት ብቻ ነው። ባለቤትህ በሁለት ጣት ትስበዋለች።

ቪክትሪ በጀታችሁ ውስጥ ይገባል። ማርክ 4 አዲሱ ብዙ ጊዜ ከ400 ያልፋል። ያገለገለ ካገኛችሁ ግን ሲሪያል ቁጥሩን ሳታዩ አትክፈሉ። ከሰኔ 2017 በፊት የተሠሩት፣ ቁጥራቸው በ401 ወይም በደብሊው ቢ አር የሚጀምረው፣ ፋብሪካው ራሱ ለጥገና የጠራቸው ናቸው። ሴፍቲው (እንዳይተኩስ የሚቆልፈው) መሃል ላይ ቆሞ ምላጩ ከተሳበ፣ በኋላ ሴፍቲውን ወደ መተኮሻው ስትገፉት ጥይቱ ሊፈነዳ ይችላል። ከማርክ 4 በፊት የነበሩት የዚሁ ሽጉጥ ትውልዶች ጥሩ ተኳሾች ናቸው፤ ፈቶ መልሶ መግጠም ግን ለጀማሪ ፈተና ነው። ብራውኒንግ በክ ማርክ ያገለገለ በጥሩ ዋጋ ካገኛችሁ አትለፉት።

ታውረስ ቲ ኤክስ 22 ቀላልና ርካሽ ነው። መደበኛ ካርታው 16 ይጎርሳል፤ ሜሪላንድ ውስጥ ከ10 በላይ የሚይዝ ካርታ ስለማይሸጥ ባለ 10ሩን ጠይቁ።

ስድስት ጎራሽ
ለጀማሪ ጥንድ እኔ ሪቮልቨር እመክራለሁ። ሩገር ራንግለር በ2019 የወጣ፣ በርሜሉ 4.62 ኢንች የሆነ፣ ከባለ ካርታዎቹ የሚረክስ ስድስት ጎራሽ ነው። የሚሳብ ስፕሪንግ የለውም፤ መዶሻውን በአውራ ጣት ወደ ኋላ መልሶ መተኮስ ነው። ጥይት በጎን በር አንድ በአንድ ይገባል፣ ቀለሃውም አንድ በአንድ በዘንግ ተገፍቶ ይወጣል። ይህ ዝግታ ይጠቅማል፤ 50 ጥይት ረጅም ሰዓት ይቆያል፣ እያንዳንዷም ታስቦባት ትተኮሳለች።

ጉድለቱ ማነጣጠሪያው አለመስተካከሉ ነው። ሁሌ ዝቅ ብሎ ወይም ወደ ግራ የሚመታ ከሆነ ማነጣጠሪያ ነጥባችሁን ታዛውራላችሁ እንጂ ብሎን አዙራችሁ አታርሙትም። ሌላው አደጋ ደግሞ፣ በጎማው (ስድስቱን ጥይት በሚይዘው ተሽከርካሪ ክፍል) እና በበርሜሉ መካከል ካለው ክፍተት ትኩስ ጋዝና የእርሳስ ብናኝ ወደ ጎን ይረጫል። የድጋፍ እጅ ጣት ወደዚያ መጠጋት የለበትም።

ሄሪቴጅ ራፍ ራይደር ከዚህም ይረክሳል። አንዳንዱ በሁለት ጎማ ይሸጣል፣ አንዱ ለኤል አር ሌላው ለማግነም። ኤል አርን በማግነሙ ጎማ መተኮስ አይቻልም፤ ቀዳዳው ስለሚሰፋ ቀለሃው ያብጣል፣ ይሰነጠቃልም።

ባሩድ
ስለ መክሸፉ፦ እውነት አለው፤ ምክንያቱ አሠራሩ ነው። በ22 ጥይት የሚለኩሰው ውህድ እንደ 9 ሚሊ ሜትር መሃል ላይ በተገጠመ ካፕሱል ውስጥ ሳይሆን በቀለሃው ከንፈር ዙሪያ ነው የሚገባው። አንድ ቦታ ላይ ውህዱ ከሳሳና መርፌው እዚያው ላይ ከመታ ይከሽፋል።

ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞራችሁ 30 ሰከንድ ቁጠሩ፤ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚያ አውጡና ከንፈሩን እዩ። የመርፌው ምልክት ጥልቅ ከሆነ ችግሩ የጥይቱ ነው፤ አዙራችሁ ብታስገቡት ብዙ ጊዜ ይተኮሳል። ምልክቱ የሳሳ ከሆነ ግን ሽጉጡን ተጠራጠሩ፤ የመርፌው መንገድ በቆሻሻ ተሞልቷል፣ ወይም ጥይቱ እስከ መጨረሻው አልገባም። ሁለቴ የከሸፈውን ሬንጁ ባዘጋጀው ሳጥን ውስጥ ጣሉት።

ከመክሸፍ የሚብሰው ድምፁ "ፑፍ" ብሎ የደከመ ተኩስ ነው። እርሳሱ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን ከመተኮስ በፊት ሽጉጡን ባዶ አድርጋችሁ በርሜሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈትሹ።

ባለ ካርታው ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይደጋገማል። አንደኛው፣ ቀለሃው ሳይወጣ መንገድ ላይ ይነከሳል፤ ጥይቱ ደካማ፣ ሽጉጡ ቆሻሻ፣ ወይም የእጅ አንጓ የላላ ሲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ካርታ ስትሞሉ የላይኛው ጥይት ከንፈር ከታችኛው ከንፈር ኋላ ከገባ ይቆላለፉና አይጎርስም። የካርታውን ቁልፍ በጣት ወደ ታች እየያዛችሁ፣ እያንዳንዱን ጥይት ከፊት ወደ ኋላ አንሸራታችሁ ሙሉ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የ500 ሳጥን አትግዙ። ሦስት አራት ዓይነት ባለ 50 ውሰዱ። ሲ ሲ አይ ስታንዳርድ 40 ግሬይን፣ በሰከንድ 1070 ጫማ የሚሄድ፣ ከባድ የኢላማ ሽጉጦች ላይ ምቶቹን አቀራርቦ ይሰበስባል። የዚያው ፋብሪካ ሚኒ ማግ 1235 ጫማ ይሄዳል፤ ትንንሽ ሽጉጦች በደካማው ጥይት ሲነክሱ በዚህ ይሠራሉ። ክርናችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፋችሁ በ15 ያርድ አምስት አምስት ተኩሱ፤ ጠበብ አድርጎ የሰበሰበውና ያልነከሰው የናንተ ጥይት ነው። ማነጣጠሪያ የምታስተካክሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ የኋላውን ምቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት አቅጣጫ አንቀሳቅሱት።

ወረቀቱ
ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ኤች ኪው ኤል የሚባለውን ፈቃድ አውጡ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ለመግዛት ግዴታ ነው፤ 21 ዓመት መሙላት፣ የጣት አሻራና ተኩስ ያለበት የ4 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ከዚያ 77 አር የሚባለው ማመልከቻ አለ፤ ሽጉጡ የሚሰጣችሁ ከ7 ቀን ጥበቃ በኋላ ነው። ሞዴሉ ስቴቱ እንዲሸጡ በፈቀዳቸው ሽጉጦች ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ቨርጂኒያ ረክሶ ብታዩት እዚያ ከፍላችሁ ይዛችሁ መምጣት አትችሉም፤ ወደ ሜሪላንድ ነጋዴ መላክ አለበት።

ስትገዙ በምትሞሉት የፌዴራል ቅጽ 4473 ላይ ግሪን ካርድ አይከለክልም፤ የኤ ቁጥራችሁን ትጽፋላችሁ። የዕፅ ጥያቄውን ግን በጥንቃቄ አንብቡ። ማሪዋናን ሜሪላንድ ቢፈቅድም ያ ፈቃድ በፌዴራል ሕግ አይቆጠርም፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በፌዴራል የተከለከለ ዕፅ ነው። የሚቅም ሰው "አይ" ብሎ ቢፈርም የሐሰት ቃል ሰጠ ማለት ነው። በራሱ ስም መግዛት ለማይችል ወዳጅ ገዝቶ መስጠትም ወንጀል ነው።

ወደ ሬንጅ ስትሄዱ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በተዘጋ መያዣ ውስጥ ይሁን፣ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ቪክትሪ አዘንብለናል። ቤት ውስጥ ያለ ጥይት ምላጭ መለማመድ መርፌውን ይጎዳል?

ባሩድ
በብዙ 22 ሽጉጦች ላይ ይጎዳል። ጥይት ከሌለ መርፌው የበርሜሉን የኋላ አፍ ይመታና ጠርዙን ያጎረብጣል፤ ከዚያ ቀለሃ መንቀል ይቸግራል። ያገለገለ ስትገዙም ይህንኑ ምልክት በባትሪ ፈልጉ። መፍትሔው ከዕቃ መደብር የሚገኝ ቢጫ ፕላስቲክ የግድግዳ ታፓ ነው፤ ከ4 እስከ 6 ቁጥር ላለው ብሎን የሚሆነው በጥይቱ ቦታ ልክ ይገባል። ጥቂት ከተመታ በኋላ አዙሩት፣ ዙሪያውን ሲጎዳ ጣሉት። እውነተኛው ጥይት በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጥ።

ከሬንጅ ስትመለሱ ምንም ሳትቀምሱ እጅና ፊታችሁን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፤ የ22 እርሳስ ብዙ ጊዜ መዳብ ያልለበሰ ነው። ልጅ ካለ የለበሳችሁትን ልብስ ሳታቅፉት በፊት ቀይሩ።