የኤአር ድምፅ ከክፍሉ ጋር አልዋሃድ አለኝ (ሐረር፣ ጁገል)

የጁገል ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ጁገል ውስጥ የሐረሪ ቤት ለሚጎበኙ እንግዶች በስልክና በጆሮ ማዳመጫ የሚሠራ የኤአር (በእውነተኛው ቦታ ላይ ዲጂታል ድምፅ ወይም ምስል የሚጨምር) መተግበሪያ እየሠራሁ ነው። እንግዳው ፊት ለፊት ሲቆም፣ ነደባው (ከፍ ያለው የመቀመጫ መደብ) ላይ የተቀመጡ እናት ግድግዳው ላይ ስለተሰቀሉት ስፌቶች ሲያወሩ ይሰማል። ዩኒቲ (መተግበሪያውን የምሠራበት ሶፍትዌር) ላይ ባለው ሪቨርብ (ማስተጋባት መጨመሪያ) ስሞክር ግን ድምፁ ወይ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል፣ ወይ የትልቅ አዳራሽ ይሆንብኛል። ክፍሉ 5 በ4 ሜትር፣ ከፍታው 3 ነው። ምን ላድርግ?

የከዚራ ጥላ፦ አቦ፣ ሪቨርቡን በግምት ከምትመርጥ ከክፍሉ ልክ ተነስ። የሃርቫርዱ ሳቢን ቀመር አለ፦ የክፍሉን ይዘት በ0.161 አባዝተህ ለጠቅላላ የድምፅ መምጠጥ አቅሙ (የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት በሚመጥጠው የድምፅ እጅ ተባዝቶ ሲደመር) አካፍል። የምታገኘው ድምፁ 60 ዴሲቤል እስኪወርድ የሚፈጅበት ሰከንድ ነው። ያንተ ክፍል 60 ሜትር ኩብ፣ ገጽታው በጠቅላላ 94 ካሬ ነው። ሁሉም ልስን ቢሆን (ከሚያርፍበት ድምፅ 0.03 እጅ ገደማ ይመጥጣል) 3.4 ሰከንድ ያስተጋባል፤ አዳራሽ የመሰለህ ይሄ ነው። 20 ካሬው ወለልና ነደባ ምንጣፍ ከለበሰ፣ 0.4 ብለህ ብትይዘው፣ ወደ 1 ሰከንድ ይወርዳል። ምንጣፍ ቀጭን ድምፅ እንጂ ወፍራሙን ብዙ አይመጥጥም፤ ስለዚህ በየፍሪኩዌንሲው ለየብቻ አስላ።

ድምፅ ቀራጭ፦ ማስተጋባቱ ብቻ አይበቃም። ጭንቅላት ውስጥ የሚቀረው መጀመሪያ ከግድግዳ የሚነጥረው ድምፅ ስለሌለ ነው። የእናትየዋ ድምፅ በቀጥታ 2 ሜትር፣ ነጥሮ ደግሞ 4 ሜትር ቢጓዝ፣ ሁለተኛው 6 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ይደርሳል። ጆሮ ለብቻው አይሰማውም፤ ክፍል ውስጥ መሆኑን ግን ያውቅበታል። ስቲም ኦዲዮን (ድምፅ በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚነጥር የሚያሰላ ተጨማሪ ሶፍትዌር) ዩኒቲ ላይ ጫን፤ ልስን፣ ምንጣፍ፣ እንጨት የሚሉ ዝግጁ ቁሶች አሉት። ኤችአርቲኤፉን (ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ጆሮ እንዲለይ የሚያደርገውን ማጣሪያ) አብራ፣ እንግዳው ራሱን ሲያዞር ድምፁ ከነደባው እንዳይነቃነቅ አድርግ።

የለገሃር እህት፦ ወንድሜ፣ ስሌቱን በጆሮህ አረጋግጥ። መንገዱ ጸጥ ሲል እዚያው ክፍል ውስጥ ፊኛ አፈንዳና ቅዳው። የስልኩን ድምፅ ማስተካከያና ጫጫታ መቀነሻ ግን አጥፋ፤ ካልሆነ የማስተጋባቱን ጭራ ቆርጦ ይጥለዋል። 60 ዴሲቤል ሙሉ እስኪወርድ መጠበቅ ይከብዳል፤ የ20ውን ጊዜ ለክተህ በ3 አባዛ።

የጁገል ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በሩ ቀን ቀን ወደ ግቢው ክፍት ነው፣ እሱስ?

የከዚራ ጥላ፦ ክፍት በር 1.0 ተብሎ ይያዛል፤ ሳቢን ራሱ የለካው በክፍት መስኮት ልክ ነው። 2 ካሬ ከሆነ ማስተጋባቱ ወደ 0.8 ሰከንድ ይወርዳል። ለክፍትና ለዝግ ሁለት ልክ አዘጋጅ።