ስለ ጉዞና ስለ ስኬት በእንግሊዝኛ ለመናገር ቃላቱን እንዴት ላጥና?

ጥያቄ፦ ነርሷ ከደሴ

ሰላም ለሁላችሁም። አይልትስ ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ መለኪያ ፈተና ተመዝግቤ እየተዘጋጀሁ ነው። ንባቡም ጽሑፉም ብዙ አላስጨነቀኝም፤ የሚያስፈራኝ የንግግሩ ክፍል ነው። በሁለተኛው ክፍል ርዕስ ያለበት ካርድ ይሰጡና 1 ደቂቃ አስበሽ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ብቻሽን ትናገሪያለሽ። የመለማመጃ ጥያቄዎችን ሳገላብጥ «የማትረሺውን ጉዞ ንገሪን» እና «የምትኮሪበትን ስኬት ንገሪን» የሚሉት ይደጋገሙብኛል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት፤ የሥራዬም ቃላት አይጠፉኝም። ግን «መናኸሪያ ስደርስ መኪናው አመለጠኝ» ወይም «በመጨረሻ ተሳካልኝ» ልበል ስል ምላሴ ይተሳሰራል። ከኢንተርኔት የቃላት ዝርዝር አውርጄ ብሸመድድም ውሎ ሲያድር ይጠፋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ጎንደር

እህቴ፣ ያነሳሻቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ችግሩ የት እንዳለ ያሳያሉ። በአማርኛ የሚያመልጠው መኪናው ነው፣ የሚሳካውም ነገሩ ነው፤ ሰውየው «ኝ»፣ «ልኝ»፣ «ብኝ» ሆኖ ከግሱ ጫፍ ላይ ይቀራል። በእንግሊዝኛ ደግሞ ሰውየው ባለቤት ሆኖ ፊት ይወጣል፦ «አይ ሚስድ ዘ ባስ»። ተማሪዎቼ «ዘ ባስ ሚስድ ሚ» ሲሉ እሰማለሁ። ቃሉን ያውቁታል፤ ማን ባለቤት እንደሚሆን ነው ያልያዙት። «ሻንጣዬ ጠፋብኝ» ለማለት «አይ ሎስት ማይ ባግ»፣ «ገንዘብ አለቀብኝ» ለማለት «አይ ራን አውት ኦፍ መኒ»፣ «ተሳካልኝ» ለማለት «አይ ሰክሲድድ» ትያለሽ። ስለዚህ ቃሉን ነጥለሽ አትሸምድጂ። «አይ» ብለሽ ጀምረሽ፣ በራስሽ ላይ የደረሰ እውነተኛ ነገር ጨምረሽ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር አድርገሽ ደብተርሽ ላይ ጻፊው። የራስሽ ታሪክ ሲሆን አይጠፋም።

ስለ ስኬት ስትናገሪ «ሰክሰስ» ስም፣ «ሰክሲድ» ግስ፣ «ሰክሰስፉል» ቅጽል መሆናቸውን ለዪ፤ «አይ አም ሰክሰስ» አይባልም። እኔ ግን በጣም የምወድልሽ «ማኔጅ ቱ»ን ነው። «አይ ማኔጅድ ቱ ፊኒሽ ማይ ዲግሪ» ስትይ «እንደምንም ብዬ ጨረስኩ» ማለትሽ ነው፤ ልፋቱ እዚያው ውስጥ ይሰማል። «ሰክሲድ»ን ከመረጥሽ «ኢን» ይከተለዋል፣ ቀጣዩ ግስም «ኢንግ» ይይዛል፦ «አይ ሰክሲድድ ኢን ፊኒሺንግ ማይ ዲግሪ»።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ፈተናውን አልፌበታለሁ። መምህር ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ ነጥብ አሰጣጡ ልጨምር። ንግግሩ የሚመዘነው በአራት ነገር ነው፦ ሳይቆራረጡ በቅደም ተከተል መናገር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስውና የቃላት አጠራር። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ከባድ ቃል ለማስገባት ብለሽ መሀል ላይ ከቆምሽ በአንዱ አተርፋለሁ ስትይ በሌላው ትከስሪያለሽ።

ለጉዞ የሚበቃሽ ጥቂት ነው። ሄዶ መመለስ ያለበት «ትሪፕ» ነው፤ «አይ ዌንት ኦን ኤ ትሪፕ» በይ። መንገዱን ራሱን፣ በተለይ ረጅሙንና አድካሚውን፣ «ጀርኒ» በይው። «ትራቭል»ን ለግስነት ተይው። «ደረስኩ»ን ደግሞ እዚህ አገር በየቀኑ የምሰማው «አይ ጎት ቱ» ሲባል ነው። «ሪችድ» ካልሽ «ቱ» አይጨመርበትም።

ካርዱ ሲሰጥሽ ሩቅ አገር አትፈልጊ። ከአዲስ አበባ ደሴ ስትመጪ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ እያልሽ ነው። ጣርማ በር ላይ ጉሙ «ፎግ» ነው፣ ዋሻው «ተነል»፣ ጠመዝማዛው መንገድ «ዊንዲንግ ሮድ»፣ ቁልቁለቱ «ስቲፕ ሮድ»። ብርዱን ትተሽ ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ሙቀቱ እንዴት እንደሚቀበልሽ ብቻ ብትናገሪ ደቂቃው ይሞላል። በማሰቢያዋ 1 ደቂቃ ወረቀትና እርሳስ ይሰጡሻል፤ ዓረፍተ ነገር አትጻፊበት፣ የቦታዎቹን ስም በቅደም ተከተል አስፍሪ።

መልስ፦ የትኬት ቢሮ ሠራተኛ፣ አዲስ አበባ

ከፈተናው በኋላ መብረርሽ አይቀርምና ለዚያም ተዘጋጂ። ኤርፖርት ላይ «ዊንዶው ኦር አይል?» ብለው ይጠይቁሻል፤ መስኮት ጋ ነው መተላለፊያው ጋ የምትቀመጪው ማለታቸው ነው። ይዘሽው የምትገቢው ሻንጣ «ካሪ ኦን»፣ መሀል ላይ አውሮፕላን ቀይረሽ የምትቆይበት ጊዜ «ሌይኦቨር» ይባላል። ሰሌዳው ላይ «ዲሌይድ» ካየሽ ዘግይቷል፣ «ካንስልድ» ካየሽ ተሰርዟል።

አደራ የምልሽ ግን ሰዓቱን ነው። ትኬት ላይ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ማክሰኞ 01:30» ከተባለ በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስለዚህ ሰኞ ማታ ኤርፖርት መገኘት አለብሽ። ማክሰኞ ማታ ሻንጣቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ያሳዝኑኛል። ቀኑም በፈረንጆቹ ነው የተጻፈው።

መልስ፦ ሩጫ ወዳዱ

ስለ ስኬት ከተነሳ «አሸነፈ»ም ሁለት ቦታ ይከፈላል። ሽልማት ወይም ውድድር ሲሆን «ዊን»፣ ሰው ወይም ቡድን ሲሆን «ቢት»። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በፈረንጆቹ 2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በመጨረሻዋ እርምጃ ሲቀድመው አስቢ፦ «ሂ ቢት ቴርጋት ኤንድ ዋን ዘ ጎልድ ሜዳል»። ቴርጋትን «ዋን» አይባልም።

ጠያቂዋ፦ ነርሷ ከደሴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ ይህን እስቲ ይዩልኝ፦ «ላስት ይር አይ ዌንት ኦን ኤ ትሪፕ ቱ ላሊበላ ዊዝ ማይ ማዘር። ኢት ወዝ ኤ ሎንግ ጀርኒ፣ በት ዊ ሪችድ ቱ ላሊበላ ቢፎር ዳርክ። አይ አም ፕራውድ ባይ ዚስ ትሪፕ፣ ቢኮዝ አይ ማኔጅድ ቱ ፔይ ፎር ኢት ዊዝ ማይ ኦውን ሳላሪ።»

መልስ፦ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ጎንደር

ጎበዝ! «ማኔጅድ ቱ» ቦታውን አግኝቷል። ሁለት ነገር አስተካክይ፤ ከ«ሪችድ» ቀጥሎ ያለውን «ቱ» አውጪው፣ «ፕራውድ ባይ» ያልሽውንም «ፕራውድ ኦፍ» አድርጊው። አሁን እናትሽ ላሊበላ ሲደርሱ ምን እንዳሉ፣ ደሞዝሽን ለስንት ወር እንዳጠራቀምሽ ጨምሪበትና ስልክሽ ላይ ድምፅሽን ቅጂ። 2 ደቂቃ ሲሞላ መርማሪው ራሱ ስለሚያስቆምሽ ቶሎ ለመጨረስ አትጣደፊ። ሲሞላልሽ እዚህ ጻፊው፣ አየዋለሁ።