እስከ ማታ ቀብድ ልከፍል ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት ዋጋ አለው?

ጠያቂ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። የቤንዚን መኪናዬ ካምቢዮ ትናንት አዘዞ መውጫ ላይ ለየለት። ለጥገናው የተጠራብኝ ዋጋ ከመኪናዋ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ ልገባ ነው። ደላላው ሁለት ይዟል፤ ቢዋይዲ ሲጋልና ዩዋን ፕላስ። ትንሿ ሲጋል ከ0 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ 13 ሴኮንድ ገደማ ትፈጃለች። ዩዋኗ 7.3። የዋጋ ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። ትንሿ ዳገት ላይ ታሳፍረኛለች? እስከ ማታ ቀብድ ካልሰጠሁ ለሌላ ሰው ያልፋሉ። ፍጠኑልኝ።

የማራኪው፦ ካምቢዮውን አሠራው። ያገለገለ ካምቢዮ ባሕር ዳር አይጠፋም።

የፒያሳ ልጅ፦ ፒያሳ ላይ 100 የምትገባው የት ጋ ነው? ከፊትህ ባጃጅ፣ ከጎንህ ባጃጅ፣ መሃል ላይ አህያ። ከጃንተከል ዋርካ ሳታልፍ ፍሬን ትረግጣለህ 😂

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። እዚህ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ደግሞ ሙሉ የማዞር ጉልበቱን የሚሰጥህ ገና ከቆመበት ሲነሳ ነው። የሲጋል ሞተር 55 ኪሎዋት ነው፤ ወደ 75 የፈረስ ጉልበት። ከ0 እስከ 50 በ4.9 ሴኮንድ ትደርሳለች ይላል ፋብሪካው። ለከተማ ዳገት ማየት ያለብህ ይህችን ቁጥር ነው። የምትደክመው ከ50 በላይ ነው። ዩዋን ፕላስ 150 ኪሎዋት ነው፤ ልዩነቱን የምታየው ከከተማ ስትወጣ ነው።

እትዬ የሺ፦ ልጄ፣ ቤትህ ቻርጅ የምታደርግበት አለህ? የግቢህ መስመርስ ይችላል?

የማራኪው፦ አሁንም እላለሁ፣ ካምቢዮውን አሠራው።

ተከራካሪው፦ ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰው ሁሉ የሴኮንድ ሊቅ ሆኗል። የምትገዛው ባትሪ ነው። ሲጋል በሁለት ባትሪ ነው የምትመጣው፤ ባለ 30 እና ባለ 38.9 ኪሎዋት ሰዓት። በቻይና መለኪያ አንዴ ተሞልተው 305 እና 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ ይባላል። መለኪያው ለስላሳ ነው፤ መንገድ ላይ ያን ያህል አታገኝም። የቱ እንደሆነ ጠይቀሃል?

ጠያቂ፦ አልጠየቅሁም። እትዬ፣ ሶኬት አለ። በየሳምንቱ ዳባት እወጣለሁ፣ ባለቤቴ እዚያ ነው የምትሠራው። የሚያስፈራኝ ሲኖትራክ መደረብ ነው።

የመስመር ሹፌር፦ ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትነግረንም! ኮሶዬ ጠመዝማዛ ላይ 7 ሴኮንድም 13 ሴኮንድም አያድንህም። ከፊት የሚመጣው ካልታየህ አትደርብም፣ አለቀ። ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ግን ጉልበት ያላት መኪና በሰው መስመር ላይ የምትቆይበትን ጊዜ ታሳጥራለች። እሱን አልክድም። በትንሿ ከሆነ ርቀህ ጠብቅና ሰፊ ቦታ ስታገኝ እለፍ። ሌላው ከፍታው ነው። ከነጭነቷ 1.5 ቶን የምትሆን መኪና 500 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ ለከፍታው ብቻ 2 ኪሎዋት ሰዓት ትበላለች። ቁልቁል ስትመለስ ሞተሩ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልስልሃል። ባትሪው ጢም ካለ ግን የሚያስገባበት ስለሌለው ሥራው በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ዳባት ላይ 100 ፐርሰንት ሞልተህ አትውረድ። ደግሞ 110 አትንዳ። ከ80 ወደ 110 ስትሄድ የነፋሱ ግፊት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ባትሪህን የሚጨርሰው እሱ ነው።

እትዬ የሺ፦ እሺ ሶኬት ይኑርህ። የቤት ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ብቻ ነው የሚሰጥህ። ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 11 ቢሰካ 17 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ነው። መብራት ከሄደ ደግሞ ያም የለም። ምጣድ እየተጋገረ አትሰካው ብቻ።

የፒያሳ ልጅ፦ እንጀራ ወይስ ዳባት፣ ምረጥ 😂

ዝምተኛው፦ አንድ ነገር ማንም አላነሳም። የቻይናዋ ሲጋል አራት ሰው ነው የምትይዘው። ከኋላ ሁለት ቀበቶ ብቻ ነው ያላት። ልጆች አሉህ?

ጠያቂ፦ ሦስት ናቸው! ደላላው ይህን አላለኝም። ቆይ ልደውልለት።

የፒያሳ ልጅ፦ ትልቁን በባጃጅ አስከትለው።

ዝምተኛው፦ በዩዋንና በሲጋል መካከል ዶልፊን አለች፣ አምስት ትይዛለች። ይዞ እንደሆነ ጠይቀው። ባለ 70 ኪሎዋት ሞተሯም ከሲጋል ትሻልሃለች፤ ለዳባት እንዳትሰቀቅ።

መምህሩ፦ የረሳሁት አለ። ዩዋንን ከወሰድክ አነሳስህን አለዝብ። ያ ጉልበት በአንዴ ጎማ ላይ ሲያርፍ ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ በተለይ ኮብልስቶን ላይ።

የመስመር ሹፌር፦ ጎማ ካነሳችሁ፣ ብዙ የኤሌክትሪክ መኪኖች ስኮርታ የላቸውም። ቀብዱን ከመስጠትህ በፊት የኋላ ዕቃ መጫኛውን ከፍተህ ወለሉን አንሣና እይ። ከሌላት ዋጋውን ከደላላው ላይ አስቀንስ።