«ሼባ» ከየት መጣ? ክብር ነው ወይስ ማቃለል?

ጠያቂ፦ ትናንት ታክሲ ውስጥ አንድ አዛውንት ሲገቡ ረዳቱ «ለሼባው ቦታ ልቀቁላቸው» አለ። «ሼባው» ብሎ ወዲያው «ልቀቁላቸው»! ጆሮዬ ላይ ተጋጨብኝ። አከበራቸው ወይስ አቃለላቸው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ቃሉ የራሳችን ነው። ግእዙ «ሤበ» ይላል፣ ሸበተ ማለት ነው። ስሙ «ሢበት»፣ በንጉሡ ሠ። ሼባ ከዚያው ነው የወጣው።

አዲስ አባል፦ ከንግሥተ ሳባ አይሆንም? ፈረንጆቹ ሼባ ነው የሚሏት፣ የጥንት ሰው ለማለት እንዳይሆን።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ወንድሜ፣ በግእዝም በአማርኛም ሳባ ሳባ ናት። የታክሲ ረዳት በፈረንጅ አጠራር አዛውንት አይጠራም።

ከዱባይ፦ እዚህ የምሠራበት ቤት ሽማግሌውን አባት ልጆቻቸው ሳይቀሩ «ሼባ» ነው የሚሏቸው፣ ያውም በፍቅር። ዓረብኛ ነው።

የመርካቶ ልጅ፦ እህቴ ልክ ነሽ። የቅኔ ቤቱም ወንድማችን ሥሩን አልሳተም፣ ግን «ት» የት ገባች? አማርኛ ያቺን «ት» አጥብቆ ይዞ ግሥ ሁሉ አርብቶባታል፦ ሸበተ፣ ይሸብታል፣ ሽበታም። ሼባ ላይ የለችም። የግእዙ ሠ ደግሞ ዓረብኛ ላይ «ሸ» ሆኖ ይገኛል። ግእዙ ሦክ ሲል ዓረቡ «ሸውክ» ይላል፣ እኛ እሾህ እንላለን። ስለዚህ ሽበትና ሼባ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ የመንገድ አማርኛ ቃል ይቆርጣል፣ «ት» ብትወድቅ ምን ይገርማል? ዘሌዋውያን 19፥32ን አንብቡ፦ «በሽበታሙ ፊት ተነሣ»። ረዳቱ ያስደረገው ይህንኑ አይደል?

የመርካቶ ልጅ፦ «ት» ወደቀች እንበል። «ሽ»ን «ሼ» ያደረገው ማነው?

ሰዋስው አስተማሪ፦ እናንተ ሥር ስትቆፍሩ ጥያቄው ቀረ። ሼባ ፊት ለፊት ብዙም አይባልም። ፊት ለፊት «ፋዘር፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» ነው። ሼባ ስለ ሰውየው ለሌላ ሰው ሲወራ ነው፣ ወይም ጓደኛሞች አርባ የሞላውን «አንተ፣ ሼባ ሆንክ እኮ» ሲሉት። ክብሩን የሚነግርህ ማሰሪያ አንቀጹ ነው። «ሼባው መጡ» እና «ሼባው መጣ» በፍጹም አንድ አይደሉም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ማሰሪያ አንቀጽ ብቻውን አያከብርም። «ሌባው መጡ» ብል ሌባውን አከበርኩት?

ሰዋስው አስተማሪ፦ ሌባ ራሱ ስድብ ነው፣ ሼባ ግን ዕድሜ ነው። «ሼባዬ» ብሎ አባቱን የሚጠራ ልጅ አውቃለሁ። «ሌባዬ» የሚል አለ?

ከዱባይ፦ ለሴትስ ለምን አይባልም? እናቴን «ማዘር» ይሏታል እንጂ ሼባ ያላት አልሰማሁም።

የመርካቶ ልጅ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም በዓረብኛው መድረሻው የሴት ነው፣ የሚጠሩበት ግን ወንዱን ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ሢበትም መድረሻዋ «ት» ናት። አሁን ወደ እኔ መጣህ።