«ከ90 ደቂቃ በታች የፈላ ሆፕ የባከነ ሆፕ ነው»?! ኧረ በሕግ!

ብቅል ወዳድ፦ ትናንት ስለ ቢራ ጠመቃ ስናወራ አንዱ ሆፕን (ቢራውን የሚያመርረውን አበባ) አንስቶ «ከ90 ደቂቃ በታች የፈላ ሆፕ የባከነ ሆፕ ነው» ብሎ ደመደመ፣ ጀማሪዎቹም አሜን ብለው ተቀበሉ። ምሬት እኮ በደቂቃው ልክ አይጨምርም። የሆፕን ምሬት በሚያሰላው የቲንሴት ቀመር 15 ደቂቃ የ60ውን ግማሽ ያህል ይሰጣል፤ 30 ደቂቃ ደግሞ ከሦስት አራተኛው ትንሽ ይበልጣል። ከ60 ወደ 90 ብትሄድ የምትጨምረው 7 በመቶ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ግማሽ ሰዓት ጋዝ የምናነደው?

ነባሩ ጠማቂ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ «አንዱ» ማለት ምን ይሉታል? ደግሞ ቀመር አይጠጣም።

አረፋ፦ «ቀመር አይጠጣም» 😂 ይጻፍልን! የሆፑ ማሸጊያ ላይ ያለውን የአልፋ አሲድ (የምሬቱ ምንጭ) መቶኛ አይተህ አይደል እንዴ መጠኑን የምትመዝነው? ምን እየሠራህ መሰለህ?

ነባሩ ጠማቂ፦ እሱ ልኬት ነው። የፒልስነር ብቅል (ነጣ ያለው የቢራ ብቅል) በደንብ ሳይፈላ ቀርቶ የተቀቀለ በቆሎ ሲሸት ደግሞ እናያለን።

ብቅል ወዳድ፦ እሱ የዲኤምኤስ (ከብቅሉ የሚወጣው፣ በቆሎ የሚሸተው ውህድ) ጣጣ ነው፤ ሆፕን ምን አገባው? ብቅሉን 90 አፍላ፣ ሆፑን 30 ሲቀረው ጨምር። ማን ከለከለህ? ይልቅ የጠየቅንህን መልስ፦ ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ለመዓዛ የሚጨመረውም ባክኗል? ቀድመህ ብትከተው የመዓዛው ዘይት በእንፋሎት ይሄድ የለም ወይ?

ነባሩ ጠማቂ፦ እኔ ያወራሁት ስለ መራራው ሆፕ ነው።

አረፋ፦ አሁን «መራራው» ተጨመረባት! ትናንት አልነበረችም።

ጭላጭ፦ ደቂቃ ብቻ ስትቆጥሩ ሌላውን ረሳችሁት። የብቅሉ ውሃ በስኳር ሲወፍር ምሬቱ ያንሳል፤ በዚያው ቀመር 60 ደቂቃ አፍልታችሁ ጥግግቱ (ከንጹሕ ውሃ አንጻር) 1.050 ሲሆን ከአልፋ አሲዱ 23 በመቶው ለምሬት ይገኛል፣ በ1.080 ግን 18 አይሞላም። እሳት ከጠፋም በኋላ ድስቱ 90 ዲግሪ ላይ ከቆየ ምሬቱ መውጣቱን አያቆምም። «መጨረሻ ላይ የጨመርኩት ለሽታ ብቻ ነበር፣ ለምን መረረኝ?» የሚል ሁሉ ድስቱን ቶሎ ያቀዝቅዝ።

ነባሩ ጠማቂ፦ ምላሴ ከሁላችሁም ቀመር ይበልጣል። የ90ው ምሬት ለስላሳ ነው።

ብቅል ወዳድ፦ እንግዲያው ምሬታቸው እኩል እንዲሆን ሆፑን አመጣጥነህ አንዱን በ60፣ አንዱን በ90 ጥመቅና ሳታይ ይቅዱልህ። ለይተህ ካወቅህ አፌን እዘጋለሁ።

ነባሩ ጠማቂ፦ ቢራዬን ለፈተና አላስቀምጥም።

አረፋ፦ ምላስህ በለጠ አልነበር? ምነው ፈራ?

ጠጅ ሳር፦ ይቅርታ ላቋርጥና፣ ሆፑን በመረብ ከረጢት ነው ወይስ እንዲሁ ነው የምትጨምሩት? የእኔ ሁሌ ምሬቱ ይቀንስብኛል።

ጭላጭ፦ ከረጢቱ ጠቦት ታጭቆ ይሆናላ። ሰፋ ያለ ይዘህ ልቅ አድርገው።

ነባሩ ጠማቂ፦ ወይም 90 ደቂቃ አፍላው።

ብቅል ወዳድ፦ ኧረ ተው አንተ ሰው!